ቀዩም ጥቁሩም አፈር የአንድ ድንጋይ ልጅ ነው

ባለፈው ጥቅምት እህቴ ከለገጣፎ ወጣ ብሎ ባለው ቦታዋ ላይ የሽንት ቤት ጉድጓድ ታስቆፍር ነበር። ውሉ ቀላል ነው፤ አፈር ከሆነ በሜትር ይህን ያህል፣ አለት ከመጣ ደግሞ እጥፍ። ሁለት ሜትር ተኩል ላይ ሲደርሱ ቆፋሪው ከጉድጓዱ ውስጥ ቀና ብሎ «ጋሼ፣ አለት ደርሰናል» አለኝ። ዲጅኖውን ደገመበት። ቀጭን፣ የሚጮህ ድምፅ ላይ ድረስ ተሰማ። እህቴ ዝም አለች፤ በልቧ ሒሳብ እየሠራች እንደሆነ ያስታውቃል።

እኔ ግን የጉድጓዱን ግድግዳ ሳየው አለት የደረስን አልመሰለኝም። «እስቲ ከላይ አትምታው፣ ዙሪያውን ቁፈረው» አልኩት። ሰውየው ሥራውን የሚያውቅ ነው፣ አልተከራከረኝም። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ድንጋዩ ወደ ታች እየጠበበ መጣ። ትልቅ ጋን የሚያክል ድብልብል ድንጋይ ነበር። ዙሪያውን በጥፍር ስትነኩት እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ንብርብሩ ይላጣል፤ ውስጡ ግን ጥቁር፣ ጠንካራ፣ መዶሻ የሚመልስ። ከስሩ ደግሞ እንደገና ቢጫና ቡናማ የሆነ፣ በዶማ የሚፈርስ ነገር ወጣ። አለቱ ገና ነበር።

በከተማው ዳር ቤት የሚሠራ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ይህ ጥያቄ ይገጥመዋል። አፈሩ የት ያልቃል? አለቱስ የት ይጀምራል? ብዙዎቻችን በመሃላቸው ቀጭን መስመር ያለ ይመስለናል። የለም። በመሃል ያለው ነገር ሰፊ ነው፣ የራሱ ስምም አለው።

ሬጎሊዝ ይባላል። ቃሉን በ1897 እ.ኤ.አ. ያወጣው ጆርጅ ሜሪል የተባለ አሜሪካዊ የጂኦሎጂ ሊቅ ነው፤ ከግሪክኛ ሁለት ቃላት ወስዶ፣ አንዱ ብርድ ልብስ፣ ሌላው ድንጋይ ማለት ነው። እኛ አውጥተንለት ቢሆን ጋቢ እንለው ነበር ብዬ አስባለሁ። ጋቢ አራት ድርብ ነው፣ ይሄም ድርብ ድርብ ነውና። ከላይ ሥር የሚሰድበት ጠቆር ያለ አፈር። ከሱ በታች ሸክላው የበዛበት ደንዳና አፈር። ቀጥሎ መልኩ ድንጋይ የሆነ፣ ግን ስትጨብጡት እጃችሁ ላይ የሚፈርስ የበሰበሰ ድንጋይ። ከዚያ የተሰነጣጠቀው። ከዚህ ሁሉ በታች ነው ምንም ያልነካው አለት የሚገኘው። ጋቢው አንዳንድ ቦታ አንድ ክንድ አይሞላም፣ አንዳንድ ቦታ ብዙ ሜትር ይወርዳል፤ በአንድ ግቢ ውስጥ እንኳ በዚህኛውና በዚያኛው ጥግ ሊለያይ ይችላል። ስለዚህ «ጎረቤቴ ሦስት ሜትር ላይ አለት አግኝቷል» የሚለው ወሬ ለእናንተ ቦታ ዋስትና አይሆንም።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ቀጥ ብሎ ይነገር። አፈር ድንጋይ ላይ የተቀመጠ ሌላ ነገር አይደለም። ወንዝ ያመጣው ደለል ከሆነ፣ ወይም ዝናብ ከዳገት ያወረደው ከሆነ፣ አዎ፣ ከሌላ ቦታ የመጣ ነው። በተረፈ ግን አፈሩ ራሱ ድንጋዩ ነው፤ እዚያው በቆመበት የበሰበሰ። የእህቴን ጉድጓድ ግድግዳ ጠጋ ብላችሁ ብታዩት ኖሮ የድሮው ድንጋይ ስንጥቅ መስመሩ ሳይጠፋ ታገኙት ነበር። ቅርጹ አለ፣ ጥንካሬው የለም።

እንዴት ይበሰብሳል?

አዲስ አበባና ዙሪያዋ የተቀመጡት በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ ነው። የእንጦጦ ድንጋይ ከ20 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። በየአቅጣጫው የምናያቸው ወጨጫ፣ ፉሪና የረር ደግሞ ከዚያ በጣም የሚያንሱ፣ የጥቂት ሚሊዮን ዓመት እሳተ ገሞራዎች ናቸው። ቀልጦ የፈሰሰ ድንጋይ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፣ ሲኮማተር ይሰነጠቃል። ስለዚህ ድንጋዩ ከተወለደ ጀምሮ በስንጥቅ የተከፋፈለ ነው፤ ውሃ በዚያ ይገባል።

ያ ውሃ ደግሞ ባዶ ውሃ አይደለም። ከአየሩ፣ ከሁሉም በላይ ግን አፈር ውስጥ ከሚተነፍሱት ሥሮችና ጥቃቅን ተሕዋስያን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወስድና ደካማ አሲድ ይሆናል። አምቦ ውሃ ስትጠጡ ምላሳችሁን ቆንጠጥ የሚያደርጋችሁ ያው አሲድ ነው፣ በዝናብ ውሃ ውስጥ ግን በጣም የቀጠነ። አንድ ክረምት ምንም አያመጣም። መቶ ሺህ ክረምት ሲደጋገም ግን በድንጋዩ ውስጥ ፌልድስፓር የሚባለው ማዕድን ቀስ በቀስ ወደ ሸክላ ይለወጣል። ብረት ያለባቸው ማዕድናት ይዝጋሉ። የቀይ አፈር ቅላት ዝገት ነው፤ አሮጌ የጣሪያ ቆርቆሮ ላይ ከምታዩት ጋር ዘመዳሞች ናቸው። ካልሲየሙ፣ ማግኒዚየሙና ሶዲየሙ በውሃው ሟሙተው ይሄዳሉ። የዛፍ ሥር ስንጥቁን ያሰፋዋል። ሱሉልታ ላይ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት የሚወርደው ውርጭ እና የቀኑ ፀሐይ የላዩን ድንጋይ ያደክሙታል። ዋናው ሥራ ግን የውሃው ነው።

አሁን ወደዚያ ጋን ወደሚያክል ድንጋይ እንመለስ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ገንዘብ የሚያጣው እሱ ላይ ነው። አዲስ ሳሙና አራት ማዕዘን ነው አይደል? ሳምንት ከታጠባችሁበት በኋላ ግን ማዕዘኑ ሁሉ ይሄድና ሞላላ ይሆናል። ማንም አልቀረጸውም። ማዕዘን ላይ ውሃው ከሦስት ወገን ይመጣል፣ ጠርዝ ላይ ከሁለት፣ ገጹ ላይ ከአንድ ብቻ። በስንጥቅ የተከበበ ድንጋይም እንደዚሁ ነው፤ መጀመሪያ ማዕዘኑ ይበሰብሳል፣ እየከበበ ይሄዳል፣ ልጣጩ በየተራ ይለቃል፣ በመጨረሻ መሃል ላይ ውሃው ያልደረሰበት ጠንካራ ፍሬ ይቀራል። ዙሪያው ሁሉ አፈር ሆኖ እሱ ብቻ ድንጋይ ነው። ቆፋሪ ሲያገኘው አለት ይመስለዋል። የቤት መሠረት የሚያወጣ ሰውም አለት አገኘሁ ብሎ የኮለኑን እግር እሱ ላይ ያሳርፋል፤ የቀሩት ኮለኖች ደግሞ የበሰበሰው ላይ ይቆማሉ። ቤቱ ሲከብድ አንዱ እግር ንቅንቅ አይልም፣ ሌሎቹ ትንሽ ትንሽ ይሰምጣሉ። ግድግዳው የሚሰነጠቀው ያኔ ነው።

ይህን ሁሉ ያለ ምንም ወጪ ማየት ከፈለጋችሁ ከአዲሱ ገበያ ወደ ሱሉልታ ስትወጡ፣ ወይም መንገድ ለማስፋት ኮረብታ የተቆረጠበት ማንኛውም ቦታ ላይ፣ የተቆረጠውን ግድግዳ ተመልከቱ። ከላይ ወደ ታች አንብቡት። ጋቢው በሙሉ እዚያ ተዘርግቷል።

ቀይና ጥቁር

ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። የከተማችን ዳር ሰው መሬትን በቀለም ነው የሚያውቀው። ቀይ አፈር ደህና፣ ጥቁር አፈር ችግር። ዋልካ እንበለው፣ መረሬ እንበለው፣ የአካባቢው ኦሮምኛ ተናጋሪዎችም ኮትቻ ይሉታል፣ ሁላችንም የምናወራው ስለዚያው ክረምት ጫማ ስለሚያወልቅ፣ በጋ ደግሞ እጅ የሚያስገባ ንቃቃት ስለሚሠራ መሬት ነው። ሁለቱ ግን ብዙ ጊዜ ከአንድ ዓይነት ድንጋይ የመጡ ናቸው። ባዛልት የሚባለው ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ዳገት ላይ ሲበሰብስ ቀይ አፈር ይሆናል፣ ሜዳ ላይ ሲበሰብስ ጥቁር። የሚለያቸው ውሃው የሚሄድበት መንገድ ነው።

ዳገት ላይ ውሃው ይወርዳል፣ አይቆምም። የሟሟውን ሁሉ ይዞ ይሄዳል፣ የሚቀረው ብረትና አሉሚኒየም ነው። አየርም ስለሚገባ ብረቱ ይዝጋል፣ አፈሩ ይቀላል። ሜዳው ላይ ግን ውሃው ይተኛል። ከዳገቱ የታጠበው ማግኒዚየም፣ ካልሲየምና ሲሊካ እዚያ ይጠራቀማል፣ ከእነሱም ሌላ ዓይነት ሸክላ ይሠራል፤ ስሜክታይት ይባላል። ከጉብታው ጫፍ እስከ ሜዳው ድረስ በእግር ብትሄዱ በአንድ ሩብ ሰዓት ውስጥ ቀለሙ ከቀይ ወደ ቡናማ፣ ከቡናማ ወደ ጥቁር ሲዞር ታያላችሁ። ጥቁረቱ ደግሞ ብዙ ሰው እንደሚያስበው ከቅጠልና ከሥር ብስባሽ ብዛት አይደለም። በዋልካ ውስጥ ያለው ብስባሽ ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው፤ ከሸክላው ጋር ተጣብቆ ስለተያዘ ነው እንዲህ የሚያጠቁረው።

የስሜክታይት ነገር እንዲህ ነው። ሸክላ በዓይን በማይታዩ ስስ ገጾች የተሠራ ነው፤ መሶብ ውስጥ እንደተደራረበ እንጀራ አድርጋችሁ አስቡት። በቀይ አፈር ሸክላ ውስጥ ገጾቹ አንዱ ባንዱ ላይ ጥብቅ ብለው ተጣብቀዋል፣ ውሃ በመሃላቸው አይገባም። በጥቁሩ ግን ማያያዣው ደካማ ነው። ውሃው በየገጹ መሃል ሰርጎ ይገባና ይገፋቸዋል። አንዱን ገጽ ብቻውን ብታዩት ግፊቱ ኢምንት ነው፣ ቢሊዮን ገጾች አብረው ሲገፉ ግን ቤት ያነሳሉ። በጋ ሲሆን ውሃው ይወጣል፣ ገጾቹ ይቀራረባሉ፣ መሬቱ ይጨማደዳል፣ ንቃቃት ይሠራል።

በቤታችሁ ልትሞክሩት ትችላላችሁ፣ እባካችሁ ሞክሩት። ሁለት ብርጭቆ አምጡ። በአንዱ ደርቆ የተፈጨ ቀይ አፈር፣ በሌላው የተፈጨ ጥቁር አፈር፣ እኩል ሁለት ጣት የሚሆን ጨምሩና ከፍታውን በእስክርቢቶ አስምሩበት። ቀስ እያላችሁ ውሃ ሙሉትና እስከ ማግስቱ ተዉት። እኔና የእህቴ ልጅ ከአቃቂ ወገን ያመጣነውን ጥቁር አፈር ከግቢው ቀይ ጋር አድርገን ሞክረነው ነበር። ቀዩ ከመስመሩ ብዙም አልራቀም። ጥቁሩ ጠዋት ስናየው መስመሩን አልፎ ወጥቷል፣ ልጁ «ጋሼ፣ ተነፋ!» ብሎ ሮጦ እናቱን ጠራት። በላቦራቶሪም የአፈር ባለሙያዎች የሚሠሩት አንዱ ምርመራ በመሠረቱ ይኸው ነው፣ መለኪያው ብቻ ነው የሚለየው።

አሁን ቤቱን አስቡት። ክረምት ሲገባ ከቤቱ ዙሪያ ያለው አፈር ይረጥባል፣ ያብጣል፤ ከወለሉ ሥር ያለው ግን ጣሪያው ስለከለለው እንዳለ ይቆያል። በጋ ሲሆን ዙሪያው ይደርቃል፣ ይጨማደዳል፣ መሃሉ አሁንም እንዳለ ነው። ስለዚህ የቤቱ ጠርዝ በየዓመቱ ከፍ ዝቅ ይላል፣ መሃሉ አይንቀሳቀስም። ሐምሌ ላይ አልዘጋ ያለ በር ጥር ላይ ደህና ይዘጋል። ስንጥቁ ከመስኮት ማዕዘን ይነሳና በሰያፍ ይወጣል። ፕላስተር እየተለሰነበት፣ ቀለም እየተቀባበት በዓመቱ እዚያው ቦታ ይመለሳል። አብዛኛው ሰው ሲሚንቶ ሰርቀው ነው ብሎ ግንበኛውን ይወቅሳል፣ አንዳንዴም እውነቱን ነው፣ ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ ከመሠረቱ በታች ነው። የበለጠ የሚጎዳው ደግሞ ትልቁ ፎቅ አይደለም፤ ፎቁ ከባድ ስለሆነ ግፊቱን ይጫነዋል። የሚነሳውና የሚሰነጠቀው ባለ አንድ ወለሉ ቤት፣ የግቢው አጥርና የበረንዳው ሲሚንቶ ነው።

መፍትሔው ምንድን ነው? መሠረቱን ከሚያብጠው አፈር አሳልፎ ጠንከር ያለው የበሰበሰ ድንጋይ ላይ ማድረስ። ይህ ካልሆነ ጥቁሩን ቆርጦ አውጥቶ በገረጋንቲ ወይም ሰሌክት በሚሉት የተመረጠ ሙሌት መተካትና በስስ በስሱ እየጠቀጠቁ መሙላት። (ያ በሲኖትራክ የሚመጣው ገረጋንቲ ራሱ የሌላ ኮረብታ ጋቢ ሦስተኛው ድርብ ነው፤ የበሰበሰ ድንጋይ ነው የምትገዙት።) ግን አንድ ስህተት ደጋግሜ አያለሁ። ጥቁሩ አፈር ውስጥ ጉድጓድ ተቆፍሮ በገረጋንቲ ይሞላና የውሃ መውጫ አይሠራለትም። ገረጋንቲው ውሃ ያስገባል፣ ዙሪያው ያለው ዋልካ አያስወጣም። ከቤታችሁ ሥር ገንዳ ሠራችሁ ማለት ነው፤ የዝናቡን ውሃ ሁሉ አጠራቅሞ ለዚያው ለሚያብጠው አፈር ያጠጣዋል። መውጫ ቦይ ይኑረው። የጣሪያውም ውሃ በአሸንዳ ተይዞ ከቤቱ ይራቅ። ባሕር ዛፍም ከግድግዳው አጠገብ አትትከሉ፣ ውሃውን ከአንድ ወገን ይመጠውና ቤቱ በዚያ ወገን ይሰምጣል።

ዋልካን ግን እንደ ጠላት አትዩብኝ። በኢትዮጵያ ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ መሬት እንዲህ ያለ ጥቁር አፈር ነው። ጤፍ በደንብ ይበቅልበታል፤ ክረምቱ ካለፈ በኋላ ደግሞ በያዘው እርጥበት ብቻ ሽምብራና ጓያ ያበቅላል፣ ጠብታ ዝናብ ሳይጨመርበት። ለቤት የሚያስቸግረን ያ ውሃ የመያዝ ጠባዩ ለገበሬው ሀብቱ ነው። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ ደግሞ ለመሠረት የተቆረጠው ጥቁር አፈር ሌሊት ሌሊት ወንዝ ዳር ሲደፋ ማየት ነው። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት እንደሚለው ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር አፈር ለመሠራት እስከ 1,000 ዓመት ሊፈጅ ይችላል። አንድ ሲኖትራክ በአንድ ምልልስ የሚጭነውን አስቡት።

ውሃና ዳገት

ቀይ አፈር ደህና ነው ስንል እንደ ጥቁሩ አያብጥም ማለታችን ነው። ዳገት ላይ የራሱ አደጋ አለው። ዝናቡ በጋቢው ውስጥ ሰርጎ ይወርድና ያልበሰበሰው አለት ላይ ሲደርስ ይቆማል፣ መሄጃ ስለሌለው በአለቱ ገጽ ላይ ወደ ጎን ይንሸራተታል። በየተራራው ግርጌ ምንጭ የሚፈልቀው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው፣ በረከት ነው። ዝናቡ ከበዛ ግን ጋቢው በሙሉ በውሃ ይከብዳል፣ ከሥሩ ያለው መያዣ ይላላል፣ ተራራው ልብሱን ያወልቃል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን የሆነውን ሁላችንም እናስታውሳለን። ከ200 በላይ ወገኖቻችን አለቁ፤ ብዙዎቹ መጀመሪያ የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡ ሰዎች ነበሩ። ከእንጦጦ ግርጌ ዳገቱን በኤክስካቫተር ቆርጣችሁ ቤት የምትሠሩ ካላችሁ፣ የድጋፍ ግንባችሁ ላይ የውሃ መውጫ ቱቦ ይኑር። ግንቡ ያለ ቱቦ የሚይዘው አፈሩን ብቻ ሳይሆን የውሃውንም ክብደት ነው፣ ውሃው ደግሞ ይበልጣል።

ስለ ጉድጓድም አንድ ነገር ልበል። በከተማው ዳር ብዙ ግቢ የውሃ ጉድጓድና የሽንት ቤት ጉድጓድ አለው፣ ሁለቱም የተቆፈሩት በአንድ ጋቢ ውስጥ ነው። የበሰበሰው ድንጋይ ውሃ ያሳልፋል፣ የፈሰሰው ሁሉ ቁልቁለቱን ተከትሎ ይሄዳል። የውሃው ጉድጓድ ከላይ፣ የሽንት ቤቱ ከታች ይሁን፣ በመሃላቸውም ቢያንስ 30 ሜትር ይኑር። ግቢው ጠባብ ከሆነ ከጎረቤት ጋር ተነጋገሩ፤ የእናንተ ታች ለሌላው ላይ ነውና። ጥቁር አፈር ላይ ደግሞ ሸክላው ውሃ አያሳልፍም ብላችሁ አትዘናጉ፣ በጋ ላይ የተከፈተው ንቃቃት የመጀመሪያውን ዝናብ ከነቆሻሻው ሳያጣራ ወደ ታች ይወስደዋል።

ጨረቃም ጋቢ አላት፣ በ1969 እ.ኤ.አ. የጠፈር ተጓዦች የረገጡት ዱቄት እሱ ነው። እዚያ ግን ውሃ የለም፣ ሥር የለም። ከሰማይ የሚወርድ ድንጋይ በቢሊዮን ዓመታት ፈጭቶ ፈጭቶ የሠራው ስለሆነ ሸክላ የለውም ለማለት ይቻላል፣ ዋልካም አይሆንም።

እህቴ ጋ የቀረው ይህ ነው። ድብልብሉን ድንጋይ በገመድ አወጡት፣ አሁን በሩ አጠገብ መቀመጫ ሆኗል። ውሉን ግን ከቆፋሪው ጋር እንደገና ጻፍነው፣ በሁለት ዋጋ ፋንታ በሦስት። በዶማ የሚቆፈረው አፈር ነው። ዲጅኖ የሚገባበት፣ ግን ዶማ የማይበቃው የበሰበሰ ድንጋይ ነው። አለት የሚባለው ደግሞ ዲጅኖው ሲመለስ ብቻ ሳይሆን ዙሪያውን ተቆፍሮ ጠርዝ ካልተገኘለት ነው። ሰውየው ሦስተኛውን ነጥብ ሁለቴ አስነበበኝና «ይሄስ ለኔም ይሻላል፣ ከሰው ጋር መጣላት ሰልችቶኛል» ብሎ ፈረመ። እውነተኛው አለት አራት ሜትር ከሃያ ላይ ተገኘ።